ባኪንግ ትራክ ላይ ጊታር ሲቀዳ መነሻው ይገጥማል፣ መጨረሻው ይሸሻል (የቤት ቀረጻ፣ ጅማ)

#1 ሊድ_ቆጪ

ሰላም ለዚህ ቤት። ኤሌክትሪክ ጊታር በተዘጋጀ ባኪንግ ትራክ (ማጀቢያ ሙዚቃ) ላይ ለመቅዳት ነው። ያለው ዕቃ፦ ዊንዶውስ 10 ላፕቶፕ 8 ጊጋ ራም፣ በአንድ ጫፉ ጃክ በሌላው ዩኤስቢ ያለው የጊታር ኬብል፣ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ ሄድፎን፣ ሪፐር የሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም። ሪፐር ውስጥ የተመረጠው ኦዲዮ ሲስተም ዌቭአውት (የዊንዶውስ የድሮው የድምፅ መንገድ) ነው። ጊታሩ ባለ ሦስት ሲንግል ኮይል (የክሩን ድምፅ የሚይዝ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ)።

ሦስት ነገር አልሆን ብሏል። አንደኛ፣ ጣት ይቀድማል፣ ድምፅ ይከተላል። ሁለተኛ፣ የ5 ደቂቃ ዘፈን ተቀድቶ መነሻው በእጅ ተጎትቶ ቢገጥምም መጨረሻው ላይ ጊታሩ ወደ 30 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይገኛል። ሦስተኛ፣ ቻርጀር ሲሰካ ዝዝዝ የሚል ነገር አለ።

ዕቃ መቀየር ግድ ከሆነ የትኛው ይቅደም? አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ከሆነ አንዴ በትክክል ይገዛ ብዬ ነው።

#2 ባፈር_128

ሁለተኛው ነው ትልቁ፣ ከሱ ልነሳ።

መዘግየትና መሸሽ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። መለያው ቀላል ነው፦ የተቀዳውን ጎትተህ መነሻውን ካስተካከልክ በኋላ መጨረሻውም ከገጠመ መዘግየት ብቻ ነበር። መነሻው ገጥሞ መጨረሻው ካልገጠመ ሁለት ሰዓት እየሠራ ነው ማለት ነው። ያንተ ሁለተኛው ነው።

የጊታር ኬብሉ ውስጥ የራሱ ክሪስታል አለ፣ የላፕቶፑ ሳውንድ ካርድም የራሱ አለው። ሁለቱም "በሴኮንድ 48,000 ናሙና" ይላሉ፣ ግን አንዱ 48,000 ሲቆጥር ሌላው 48,005 ይቆጥራል። ልዩነቱ ከሚሊዮን 100 ቢሆን በ300 ሴኮንድ 30 ሚሊ ሴኮንድ ይሆናል። ያንተን ቁጥር ቁጭ ነው። ባኪንግ ትራኩን የሚያጫውተው አንዱ፣ ጊታሩን የሚቀዳው ሌላው እስከሆነ ድረስ ባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን አጠራቅሞ የሚያሳልፍበትን መጠን) ብታወርድ ብታወጣ አይድንም።

ኤሲዮፎርኦል የሚባለውን ነፃ የድምፅ ድራይቨር ጫን የሚልህ ይመጣል። ሁለቱን ዕቃ በአንድ መስኮት ያስከፍትልሃል እንጂ ሰዓታቸውን አንድ አያደርግም። ወይ ይሸሻል፣ ወይ በየመሀሉ ጠቅ ጠቅ ይላል።

መድኃኒቱ፦ ጊታሩም የሚገባበት ሄድፎኑም የሚሰካበት አንድ ኦዲዮ ኢንተርፌስ። አንድ ሳጥን፣ አንድ ሰዓት። የላፕቶፑን ሄድፎን ቀዳዳ እርሳው።

እስከዚያው የቀዳኸውን ማዳን ትችላለህ። ሪፐር ላይ ክሊፑን መርጠህ ኤፍ2፣ የመጫወቻ ፍጥነቱን ከ1.0 ወደ 1.0001 አድርገው። የድምፁ ከፍታ የአንድ ሴንት (የአንድ ፍሬት ርቀት መቶኛ) ሩብ እንኳ አይቀየርም፣ ጆሮ አይሰማውም።

#3 የሄርማታ_ልጅ

ኧረ አቦ፣ ዝም ብሎ በስልክ ቢቀዳስ? ባንድላብ የሚባለው የመቅጃ አፕ ነፃ ነው። ከጃክ ወደ ስልክ የምትቀይረዋን ትንሽ ማገናኛ ሄርማታ መርካቶ ታገኛለህ፣ አለቀ።

#4 ባፈር_128

ለሐሳብ መያዣ ይሆናል፣ አልቃወምም። ግን ያቺ ማገናኛ የስልኩን የማይክ መስመር ነው የምትጠቀመው። የሄድፎኑና የማይኩ ሽቦ አንድ መሬት ስለሚጋሩ ባኪንግ ትራኩ ወደ ጊታሩ ቅጂ ያፈስሳል። ጊታሩን ብቻ ከፍተህ ስትሰማ ከኋላ ከበሮ ይንሾካሾካል። በኋላ ዲስቶርሽን ስትጨምርበት ያ ሹክሹክታ ጩኸት ይሆናል።

ስልክ ይሁን ካልክ በኦቲጂ ገመድ እውነተኛ ኢንተርፌስ ሰካበት፤ ያለ ድራይቨር የሚሠራ ዓይነት መሆን አለበት። ስልኩ ኃይል አልችልም ካለ ከውጭ ኃይል የሚቀበል ሀብ መሀል ይግባ።

#5 ክራሯ

ሊድ፣ ኢንተርፌስ ስትገዛ የምታየው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ቀለሙን ተወው።

አንድ፣ "ኢንስት" ወይም "ሃይ ዚ" የሚል መግቢያ። የጊታር ፒክአፕ 1 ሜጋ ኦም አካባቢ የሚቀበለው መግቢያ ይፈልጋል። ተራ ላይን መግቢያ 10 ኪሎ ኦም አካባቢ ስለሆነ ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል፤ ጊታሩ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ብዙ ሰው ቁልፉን ሳይጫን ቀርቶ ጊታሩን ይወቅሳል።

ሁለት፣ የራሱ ኤሲዮ ድራይቨር (ዊንዶውስ ላይ መዘግየትን የሚያሳጥር የድምፅ ድራይቨር)። ስካርሌት ሶሎ አለው፣ ቤሪንገር ዩኤምሲ202ኤችዲም አለው። ዩኤም2 ግን በኤሲዮፎርኦል ነው የሚሄደው። መግቢያም መውጫም አንድ ሳጥን ስለሆነ አይሸሽብህም፣ ግን ባፈሩን እንደልብህ አታወርደውም።

ሦስት፣ ዳይሬክት ሞኒተር (ጊታሩን ኮምፒውተር ሳይገባ ከሳጥኑ በቀጥታ ማሰሚያ) ማጥፊያ። ይኼን ብዙዎች አያዩትም። ጊታርህን በሶፍትዌር አምፕ እየሰማህ ዳይሬክት ሞኒተርም በርቶ ከሆነ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ሁለት ጊዜ ይሰማሃል፣ እንደ ቆርቆሮ ቱቦ ባዶ ድምፅ ይሆናል። ወይ ሳጥኑ ያሰማህ፣ ወይ ኮምፒውተሩ።

ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ ጃኩን ሰክተህ ቀስ ብለህ ወዝውዘው። ከርከር ካለ አትውሰደው። ጌይኑንም ከታች እስከ ላይ አዙረህ ስማ።

#6 ጋሽ_ብየዳ

የሦስተኛው መልስ አልመጣም፣ እኔ ልበል።

ያገራችን መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ የሚመጣው ጉምጉምታ በ50፣ በ100፣ በ150 ኸርዝ ይመጣል። ወፍራም "ሁምም" ከሆነ ሲንግል ኮይሉ ከአካባቢው የሰበሰበው ነው። ቀጭን "ዝዝዝ" ሆኖ ቻርጀር ሲነቀል የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ከቻርጀሩ ነው።

መፈተሻው ይኸውልህ ልጄ፦

ቻርጀሩን ንቀል። ጠፋ? በባትሪ ቅዳ። ለአንድ ዘፈን ባትሪ ይበቃል።

ካልጠፋ ወንበርህ ላይ እንዳለህ ቀስ ብለህ ዙር። የሆነ አቅጣጫ ላይ ድምፁ ይሰምጣል። እዚያ ቁም። ከላፕቶፑና ከቻርጀሩ ቢያንስ 1 ሜትር ራቅ።

ከዚያ ክሮቹን በእጅህ ንካ። ሲነካ ከቀነሰ ጊታሩ ጤነኛ ነው፣ ችግሩ ከቤቱ ነው። ሲነካ ከጨመረ ጃኩ ውስጥ ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ተበይደዋል። ጫፉ ላይ የሚነካው ምላስ ትኩሱ ነው፣ አንገቱ ላይ የሚያርፈው ቀለበት መሬቱ ነው።

የቤቱ ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ መሬት አለው አይባልም። ብዙ ቤት ከኋላው የመሬት ሽቦ የለም። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አስለካ። ጉምጉምታ ለማጥፋት ብሎ የቻርጀርን የመሬት እግር የሚቆርጥ ሰው አለ፤ ክሩን ይዞ ማይክ ሲነካ ያወቀው ያውቀዋል። አይደረግም።

ላፕቶፕ፣ ኢንተርፌስ፣ ስፒከር ካለም ሁሉም በአንድ ዲቫይደር ይሰካ። ፍሪጅ በዚያ ዲቫይደር ላይ አይሁን፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቅጂህ ውስጥ "ጠቅ" ብሎ ይገባል።

#7 ሊድ_ቆጪ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ክሩ ሲነካ ይቀንሳል፣ ቻርጀር ሲነቀል ዝዝታው ይጠፋል። ስለዚህ እንዳሉት ጊታሩ ጤነኛ ነው፣ ዝዝታው ከቻርጀሩ ነው።

ባለ ሁለት መግቢያ ኢንተርፌስ ገብቷል፣ ድራይቨሩ ተጭኗል። መሸሹ ጠፋ፤ የ5 ደቂቃው መጨረሻ እንደ መነሻው ነው። አሁን የቀረው፦ ባፈር ስንት ይሁን? ደግሞ ተቀድቶ ሲጫወት ጊታሩ አሁንም ፀጉር ታህል ከትራኩ ወደ ኋላ ያለ ይመስላል። እውነት ነው ወይስ የእጅ ጉዳይ?

#8 ባፈር_128

ሁለቱንም መለካት ይቻላል፣ መገመት አያስፈልግም።

ባፈር፦ 128 ናሙና በ48,000 ሲካፈል 2.7 ሚሊ ሴኮንድ ነው። በመግቢያም በመውጫም ስለሚቆጠር፣ የድራይቨሩና የሳጥኑ ተጨምሮ፣ ደርሶ መልሱ ከ7 እስከ 10 ይሆናል። ድምፅ በአየር 1 ሚሊ ሴኮንድ ውስጥ 34 ሳንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። 10 ሚሊ ሴኮንድ ማለት አምፕህ 3.4 ሜትር ርቆ ቆሞ እንደመጫወት ነው፣ መድረክ ላይ ማንም አያማርርበትም። ስትቀዳ 128፣ ሚክስ ስታደርግ 512 ወይም 1024።

128 ላይ ፍጭርጭር ካለ ወዲያው ወደ 256 አትሩጥ። መጀመሪያ ዋይፋዩን አጥፋ፣ የኃይል ምርጫውን ሃይ ፐርፎርማንስ አድርግ፣ ዩኤስቢን የሚያስተኛውን አማራጭ ዝጋ፣ ሳጥኑን ከሀብ አውጥተህ ራሱ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ሌተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ለ5 ደቂቃ አስኪደው፣ የትኛው ድራይቨር እንደሚያስቸግር ስሙን ይነግርሃል። አብዛኛውን ጊዜ የዋይፋይ ካርዱ ነው።

አሁን ስለ ፀጉሯ። ሪፐር ድራይቨሩ የነገረውን መዘግየት ራሱ ቀንሶ ነው ክሊፑን የሚያስቀምጠው። ድራይቨሩ ከዋሸ ግን እሱም ይሳሳታል። እንዲህ ለካ፦

አጭር "ቲክ" ያለበት ፋይል ትራክ 1 ላይ አድርግ። ከኢንተርፌሱ የኋላ ላይን መውጫ ወደ ላይን መግቢያው ኬብል ሰካ፤ "ኢንስት" ቁልፉ ይጥፋ። ዳይሬክት ሞኒተር ዝጋ፣ ትራክ 2 ላይ ሞኒተሪንግ ዝጋ፤ ይኼን ከረሳህ ዞሮ ዞሮ ይጮሃል፣ ሄድፎኑን ከጆሮህ አውርደህ ጀምር። ትራክ 2ን ቅዳ። ከዚያ ናሙና በናሙና እስኪታይ አጉላና የሁለቱን ቲክ ልዩነት ቁጠር። በ48,000 ላይ 48 ናሙና 1 ሚሊ ሴኮንድ ነው።

የወጣውን ቁጥር ፕሪፈረንስስ ውስጥ፣ ኦዲዮ፣ ሪኮርዲንግ፣ የመግቢያ ማስተካከያ ሳጥን ላይ ጻፈው። ድገመውና ለካ። ዜሮ ከሆነ ጨርሰሃል፤ እጥፍ ከሆነ ምልክቱን ገልብጠው። ሳምፕል ሬት ወይም ባፈር ስትቀይር እንደገና መለካት አለብህ።

#9 ሊድ_ቆጪ

61 ናሙና ወጣ፣ 1.3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ። ገባ፣ ሲደገም ዜሮ ሆነ። ከዚህ በኋላ የቀረው የእጅ ነው ማለት ነው 😅

#10 የሄርማታ_ልጅ

ሃሃ እጅን የሚያስተካክል ሳጥን ሲወጣ ንገሩን።

#11 ክራሯ

ስለ ትራኩ ራሱ ማንም አልተናገረም። ግማሹ ጣጣ እዚያ ነው ያለው።

ኤምፒ3 ከሆነ ወደ ዌቭ ቀይረህ አስገባ። ኤምፒ3 መነሻው ላይ ትንሽ ባዶ ስለሚጨምር፣ አንዱ ፕሮግራም ይቆርጠዋል ሌላው ይተወዋል። ዛሬ በዚህ ቀድተህ ነገ በሌላ ስትከፍተው ቦታው ይቀየራል።

ሳምፕል ሬት። ትራኩ 44,100 ሆኖ የሆነ ነገር እንደ 48,000 ካጫወተው 9 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ድምፁም ሴሚቶን ተኩል (አንድ ፍሬት ተኩል) ያህል ወደ ላይ ይወጣል። "ጊታሬ ከትራኩ ጋር አልቃኝ አለ፣ ትራኩ በጣም ቸኩሏል" የሚል ሰው ካጋጠመህ መጀመሪያ ይኼን ጠይቀው።

ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ግን ሌላ ነው። ቴፑ ዘግይቶ ወይም ፈጥኖ ሲሄድ የተገለበጠ ስለሆነ ከ440 ኸርዝ ቅኝት 20፣ 30 ሴንት ይወርዳል ወይም ይወጣል። ጊታሩን ወደ ትራኩ አትቃኝ፤ ትራኩን ወደ ጊታሩ አምጣ። ሪፐር ላይ ኤፍ2፣ "ሲፈጥን ከፍታው ይጠበቅ" የሚለውን ምልክት አጥፋ፣ ከዚያ ፍጥነቱን ንካ። 30 ሴንት ለማንሳት 1.0175 ነው። በዚህ መንገድ ከፍታውም ፍጥነቱም ባንድ ላይ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ ምክንያቱም ሁለቱንም ያበላሻቸው ያው ቴፕ ነው። ከፍታውን ብቻ የሚነካ ፕለጊን ከተጠቀምክ ከበሮው ይጨማለቃል።

ከዘፈን ውስጥ ጊታሩን አውጥተህ በቦታው መጫወት ከፈለግህ አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር ነፃ ነው፣ ሞዴሉ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እሱ ውስጥ የሚሠራው የዴሙክስ ባለ 6 ክፍል ሞዴል ጊታርን ለብቻው ይለያል። ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ሦስተኛው እስኪጠጣ ይፈጃል። አስጀምረህ ተነስ።

#12 ሊድ_ቆጪ

ክራሯ፣ አንቺ ቅኝት ስላነሳሽ ልጠይቅ፦ በአምባሰል ወይ በአንቺሆዬ ለመጫወት የሚሆን ባኪንግ ትራክ አይገኝም። የብሉዝ ትራክ ላይ አይገጥምም።

#13 ክራሯ

አይገጥምም። አምባሰል ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ነው። አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። የብሉዝ ትራኩ ሜጀር ኮርድ ውስጥ ኢ አለ፣ ያ ኢ ከኤፉ ጋር ይጣላል። ራስህ ሥራው፤ ከምታስበው ይቀላል። አንድ ቤዝ ሲ ላይ ቆሞ፣ አንዳንዴ ወደ ኤፍ እየሄደ፣ ከላዩ ችክችካ። ኮርድ አታብዛ።

ችክችካውን 6/8 አድርገው። ማስጠንቀቂያ፦ በብዙ ፕሮግራሞች ቢፒኤም የሚቆጥረው ሩብ ኖታን ነው። እግርህ የሚመታው ደግሞ ሦስት ሦስት ስምንተኛ ነው። እግርህ በደቂቃ 120 የሚመታ ከሆነ ሳጥኑ ውስጥ 180 ጻፍ። 120 ጽፈህ "ዘፈኑ ተኛ" አትበል።

ዲሌይ ከተጠቀምክ በዚሁ ፍጥነት 500 ሚሊ ሴኮንድ ከእግር ጋር ይወድቃል፣ 167 ከእያንዳንዱ ስምንተኛ ጋር። 333 ደግሞ ሦስት በሁለት ሆኖ ይሻገራል፤ ሲሳካ ደስ ይላል፣ ሲበዛ ያደናግራል።

ሪቨርብ ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። እነዚህ ቅኝቶች ውስጥ ሲና ዲ ፍላት ጎን ለጎን ናቸው፣ አምባሰል ላይ ጂና ኤ ፍላትም እንዲሁ። የአንዱ ጭራ ሳይጠፋ ሌላው ሲመጣ ይጋጫሉ። ከ1 ሴኮንድ አካባቢ አትለፍ። ዲስቶርሽንም እንደዚሁ፣ ለፔንታቶኒክ ብሉዝ የለመድከውን ግማሹን አድርግ።

#14 ቅልጥም

ጥያቄ ከጎን፦ ኤሌክትሪክ ሳይሆን አኩስቲክ ጊታር በማይክ ከሆነስ? መንቲና ነው ያለሁት፣ ቤቱ ቆርቆሮ ነው።

#15 ጋሽ_ብየዳ

ጅማ ላይ ቆርቆሮ ስር በማይክ? ክረምቱን ጠብቀህ ልታልፍ ነው እንግዲህ። ዝናቡ ከጀመረ ኮርኒስ ቢኖርም ማይኩ ዝናቡን ነው የሚቀዳው። በኬብል በቀጥታ የሚገባ ጊታርን ግን ዝናብ አይነካውም፤ ስለዚህ በዝናብ ቀን የኬብሉን ሥራ፣ በፀጥታ ሰዓት የማይኩን።

#16 ክራሯ

ጋሼ ልክ ነዎት። ቅልጥም፣ ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ኢንተርፌሱ ላይ ያለውን የማይክ ኃይል፣ 48 ቮልቱን አብራ፣ ከ12ኛው ፍሬት ፊት ለፊት ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አርቀህ ትንሽ ወደ አካሉ አዘንብለው። ቀዳዳው ፊት አታድርገው፤ ከታች 100 ኸርዝ አካባቢ ቡም ቡም ይላል። ባኪንግ ትራኩን በዝግ ሄድፎን ስማ፣ ክሊኩን (የምት መቁጠሪያውን ድምፅ) ቀንስ፤ አለበለዚያ ዘፈኑ ሲያልቅና ጊታሩ ሲሰክን ቲክ ቲክ ማይኩ ውስጥ ይሰማል።

የምትቀመጥበትን እወቅበት። የሚሽከረከር ወንበር ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ክንዱም ጊታሩን ይገፋል። የጅማ በርጩማ ማንም አይበልጠውም፦ ከአንድ እንጨት ተጠርቦ የወጣ፣ መገጣጠሚያ የለው፣ ጩኸት የለው።

ለክፍሉ የእንቁላል ትሪ አትለጥፍ፣ ጥቅም የለውም። አናጢ ዘንድ ሂድና 120 በ60፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ፍሬም አሠራ። ውስጡን በአሮጌ የጥጥ ፍራሽ ሙላው፣ ግን አትጠቅጥቀው። ፊቱን በቡና ጆንያ ሸፍነው። ጆንያ ሽመናው ሰፊ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል፤ ፕላስቲኩ ማዳበሪያ ግን ቀጭኑን ድምፅ መልሶ ይወረውራል። ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር አርቀህ አቁመው። ፍራሹና ክፍተቱ ተደምረው 20 ሲሆኑ ከ430 ኸርዝ ገደማ ወደ ላይ ያለውን በደንብ ይውጣሉ። 4 ይበቃሃል፦ ሁለት ከጀርባህ፣ ሁለት በጎንህ።

ጆንያውን መጀመሪያ አጥበህ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ካልሆነ ነቀዝ አብሮ ይገባል።

#17 ቅልጥም

ተባረኪ። ፍራሹ አለ፣ ጆንያውም አለ። አናጢው ቀረ።

#18 ሊድ_ቆጪ

የመጨረሻ ጥያቄ። ሚክሱ ላይ ጊታሩ ወይ ከትራኩ በላይ ተንጠልጥሎ ይሰማል፣ ወይ ውስጡ ሰምጦ ይጠፋል። መሀሉ ጠፋ።

#19 ባፈር_128

ትራኩ አንዴ ተጨምቆ፣ ተጨርሶ የመጣ ስለሆነ ነው። ዜሮ ዲቢ (የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ) ድረስ ሞልቶ ነው የሚመጣው፣ ላንተ ቦታ የለውም። ጊታሩን ከማንሳት በፊት ትራኩን 8 ዲቢ አውርደው። ጆሮህ ከቀነሰብህ የሄድፎኑን ቁልፍ ክፈት፣ ፌደሩን አትንካ።

ስትቀዳ ጠንከር አድርገህ ስትመታ ጫፉ ከ-12 እስከ -6 ዲቢ ይሁን። በ24 ቢት ስለምትቀዳ ዝቅ ማለቱ አይጎዳም፤ ቀይ ከነካ ግን ምንም አይመልሰውም።

ከዚያ ጊታሩ ላይ ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጥ፣ እዚያ ያለው የቤዙ ሥራ ነው። ትራኩ ላይ ደግሞ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ኸርዝ ባለው ሰፋ አድርገህ 2 ዲቢ ቀንስ። ሊድ ጊታር የሚናገረው እዚያ ነው፣ በሩን ከፈትክለት ማለት ነው። ተንጠልጥሎ የሚሰማው ደረቅ ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው፤ ትራኩ ውስጥ ያለውን ክፍል የሚመስል አጭር ሪቨርብ ስጠው።

አምፕ ሲሙሌተር ከተጠቀምክ ካቢኔቱ (የስፒከር ሳጥኑን የሚመስለው ክፍል) አንድ ቦታ ብቻ ይብራ። ፔዳልህ ውስጥም ሪፐር ውስጥም በርቶ ከሆነ ሁለት ስፒከር በተራ ያለፈ ድምፅ ነው፣ ይታፈናል። ኒውራል አምፕ ሞደለር የሚባለው ነፃ አምፕ ሲሙሌተር ላፕቶፑን ከከበደው ፌዘር ወይም ናኖ የሚባሉትን ቀለል ያሉ ሞዴሎች ፈልግ።

ስታወጣ ጫፉ ከ-1 ዲቢ አይለፍ። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልክ እንደ ፋይል ላከው።

#20 ጋሽ_ብየዳ

አንድ ነገር ልጨምር። መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ በዩኤስቢ የሚበላ ኢንተርፌስም አብሮት ይቀጥላል። ከግድግዳ የሚበላ ከሆነ ግን እሱ ይሞታል፣ ቅጂውም እዚያው ይቆማል። ስለዚህ ስትገዙ በዩኤስቢ የሚበላውን። ሪፐር ላይ በየ5 ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አድርጉት። ቅጂው ራሱ ቦታ አይፈጅም፤ ሞኖ በ24 ቢትና በ48,000 በደቂቃ 8.6 ሜጋ ባይት ገደማ ነው።

#21 ሊድ_ቆጪ

ትራኩ 8 ዲቢ ሲወርድ ጊታሩ ቦታውን አገኘ ጋሼ፣ ባፈርም እናመሰግናለን። ክራሯ፣ 180ውም ሠርቷል። 120 ላይ ነበር ለካ ያስተኛሁት።

#22 የሄርማታ_ልጅ

የዚያችን የስልክ ማገናኛ ነገር ግን ማንም አላዘነላትም።